ብቸኛ ያልነበረው ቁጥር

ሰውየውን ከማንም በላይ አከብረው ነበር። መካነ ሰላም ሁለተኛ ደረጃ ስማር፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ሒሳብ ያስተማረኝ እሱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ እዚያው ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህርት ሆኜ ስመለስ ደግሞ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሆኖ ጠበቀኝ። ባልደረቦቻችን በስሙ ሲጠሩት እኔ ግን "መምህር" ማለቴን፣ አንቱ ማለቴን አልተውኩም። ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ጠመኔው ድምፅ አያሰማም ነበር። ተማሪ ሳለሁ የሰባት ቁጥር አጻጻፉን እያስመሰልኩ እለማመድ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ነገሩ የጀመረው ኔትወርክ በተቋረጠበት ክረምት ነው። ኢንተርኔት ጭራሽ የለም፤ ስልኩም ለመደወል የሚሠራው አልፎ አልፎ ነው። መንገዱ በጭቃ ተበላሽቶ መኪና እንደልብ አይገባም። ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይውላል፤ እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ መስኮት ሥር እቀመጣለሁ። በዚህ መሃል አንድ ቁጥር ያዘኝ። አንድ አሥራ አንድ ጊዜ ተደርድሮ የሚጻፈው ቁጥር ነው፦ 11111111111።

ጥያቄው ቀላል ነው። ከአንድና ከራሱ በቀር ይህን ቁጥር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ሌላ ቁጥር አለ ወይስ የለም? እንዲህ ያለ አካፋይ የሌለውን ቁጥር በታችኛው ክፍል በአማርኛ ስናስተምር ብቸኛ ቁጥር እንለዋለን፤ ወደ ላይ ሲወጣ ፕራይም ይባላል። ሁለት አንዶች፣ ማለትም 11፣ ብቸኛ ነው። ሦስት አንዶች፣ ማለትም 111፣ በሦስት ይካፈላል። አሥራ አንዱ አንዶችስ? ኢንተርኔት ቢኖር መልሱን ባንድ አፍታ አገኘው ነበር። ስላልነበረ ጥያቄው የኔ ሆነ።

በሁለት አይካፈልም፤ መጨረሻው አንድ ነው። በሦስትም አይካፈልም፤ አሃዞቹ ሲደመሩ አሥራ አንድ ነው የሚሆኑት። በሰባት ሞከርኩ፣ በአሥራ ሦስት ሞከርኩ፣ ሁልጊዜ ቀሪ ይተርፋል። ካልኩሌተሬ ስምንት አሃዝ ብቻ ስለሚይዝ ማካፈሉን የምሠራው በእጄ ነው። እንዲህ እየሄድኩ እንደማልዘልቀው ሳውቅ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ሲያባራ ነገሩ ገባኝ። ይህን ቁጥር የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ካለ፣ ያ አካፋይ ራሱ ለሃያ ሁለት ሲካፈል የግድ አንድ መትረፍ አለበት። ለምን እንደሆነ እስከ መጨረሻው አረጋገጥኩ። ከዚያ በኋላ ሌላውን ሁሉ ትቼ 23ን፣ 67ን፣ 89ን፣ 199ን እያልኩ ወደ ላይ ወጣሁ። ክረምቱ እያለቀ፣ የገብሱ ማሳ መልኩን መለወጥ ሲጀምር፣ 21649 ላይ ስደርስ ቀሪው ዜሮ መጣ። እጄን አላመንኩትም። ደግሜ አካፈልኩ። ዜሮ ነው። ባልንጀራው 513239 ነው። ሁለቱ ሲባዙ አሥራ አንዱ አንዶች አንድም ሳይጎድሉ ቁልጭ ብለው ይወጣሉ።

ትምህርት ቤት ሲከፈት መጀመሪያ የነገርኩት ለእሱ ነው። ባዶ ክፍል ውስጥ አስገብቼ ሰሌዳው ላይ ከላይ እስከ ታች ጻፍኩለት። የሃያ ሁለቱ ነገር ላይ ስደርስ አገጩን ይዞ ቆመ።

"ይሄን ማን አሳየሽ?" አለኝ።

"ማንም አላሳየኝም፤ ክረምቱን ይዤው ነው የከረምኩት።"

"ጎበዝ። በጣም ጎበዝ።" ስልኩን አወጣና ሰሌዳውን ፎቶ አነሳው። "ለማስታወሻ ይሆነኛል።"

እኔ ሰሌዳውን አጥፍቼ ወጣሁ። የዚያን ቀን ደስታዬ ሌላ ነበር።

ትንሽ ቆይቶ የዞኑ የሒሳብ መምህራን ደሴ ላይ ተሰብስበው ሥራቸውን ያቀርባሉ ተባለ። "አብረን እንሄዳለን" አለኝ። አብረን እናቀርባለን ማለቱ መስሎኝ ቀሚስ አሰፋሁ። መንገዱን ሙሉ መናገር የምፈልገውን በሆዴ ስደጋግም ነበር።

አዳራሹ ሞልቷል። ስሙ ተጠርቶ ሲነሳ እኔም ልነሳ ስል፣ ቁጭ በይ ብሎ በእጁ ምልክት ሰጠኝ። ወጣ። 11111111111ን ግድግዳው ላይ አሳየ። "ይህን ቁጥር ክረምቱን ይዤው ከረምኩ" አለ። የኔን ቃል ነው የተናገረው። ሃያ ሁለቱን አስረዳ፣ 21649ን አወጣ፣ ሰው አጨበጨበ። ሲጨርስ ወደኔ ዞሮ፣ "በትየባ ያገዘችኝን እህታችንን ሳላመሰግን አላልፍም" አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔ ፈገግ አልኩ። አንዲት ፊደል እንኳ አልተየብኩለትም፤ ግን ፈገግ አልኩ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ከሌብነቱ ይልቅ ያ ፈገግታ ነው።

የምስክር ወረቀትና ሽልማት ተሰጠው። ከስብሰባው ስንወጣ ምሳ ጋበዘኝ። ጥብስ አዘዘ፤ በላሁለት።

መካነ ሰላም ከተመለስን በኋላ ቢሮው ገባሁ። በሩን አልዘጋሁም።

"መምህር፣ የኔን ሥራ ለምን በስምዎ አቀረቡት?"

ቀና ብሎ አየኝ፤ የተቆጣ አይመስልም። "ቁጥር የማን ነው? ያንቺ ነው? ይህ ነገር ድሮ የታወቀ ነው። ከኛ በፊት ያገኙት ስንት ሰዎች አሉ።"

"አውቃለሁ። እኔም የመጀመሪያዋ ነኝ አላልኩም። ግን እርስዎ ክረምቱን ይዤው ከረምኩ ብለዋል። ይዤው የከረምኩት እኔ ነኝ።"

"ማስረጃ አለሽ?"

ሰሌዳውን ያጠፋሁት በገዛ እጄ ነው። ፎቶው ያለው እሱ ስልክ ላይ ነው።

"ገና ልጅ ነሽ" አለኝ፣ ወደ ወረቀቱ እየተመለሰ። "ወደፊት ብዙ ትሠሪያለሽ። አብሽሪ።"

ይቺን "አብሽሪ" በኛ አገር እስላም ክርስቲያኑ ሰው ሲያጽናና ይላታል፤ ለታመመ፣ ለከሰረ፣ ለሐዘንተኛ። ከሱ አፍ ስትወጣ እንደ ምራቅ ፊቴ ላይ አረፈች።

ታላቅ እህቴ ሪያድ ናት። የሰው ቤት ትሠራለች። ኔትወርኩ ሲፈቅድላት ትደውላለች። ሁሉንም ነገርኳት። ሒሳቡ አይገባትም፤ ነገሩ ግን ገባት። እህቴ ከሄደች ወዲህ ስለደረሰባት ብዙ አታወራም፤ ያን ቀን ግን አወራች። እመቤቲቱ በአንዲት ትልቅ ሴትዮ ፊት እህቴ የሠራችውን ምግብ "እኔ ነኝ የሠራሁት" እንዳለች፣ እህቴም ሳህኑን ይዛ ቆማ አንገቷን ደፍታ እንደሰማች ነገረችኝ።

"እኔ እዚህ ስንቱን ዋጥኩት" አለችኝ። "ሰው አገር ነው፣ መሄጃ የለኝም። አንቺ ግን አገርሽ ላይ ነሽ። ወላሂ ከዋጥሽው እኔን እንዳትጠሪኝ።"

እናቴ ብትሰማ ለፈጣሪ ስጪው ትል ነበር። እኔ ለማንም አልሰጠሁትም። ለራሴ ያዝኩት።

ለሰውየው በየማለዳው ሰላምታ እሰጣለሁ። ስብሰባ ላይ ሐሳቡን እደግፋለሁ። ከሌሎቹ ጋር ሲስቅ እስቃለሁ። ግን ሳየው ሁልጊዜ አንድ ነገር አስባለሁ፦ ይህ ሰው የኔን ሥራ ሲወስድ መልሶ አላረጋገጠውም። 21649ን በ513239 እንኳ አላባዛም። ሰሌዳው ላይ ያለውን እንዳለ ይዞ ሄደ። ትክክል ስለነበር ዳነ። የሚቀጥለው ትክክል ባይሆንስ?

እንዲህ ሆኖ ሌላ ቁጥር መሥራት ጀመርኩ። አሁን የምፈልገው አካፋዩ የማይታይ፣ የትም ቢነካኩት ብቸኛ የሚመስል፣ ግን ብቸኛ ያልሆነ ቁጥር ነው። እንዲህ ያለውን ቁጥር ከመፈለግ መሥራት ይቀላል፤ ሁለት ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮችን ወስዶ ማባዛት ነው። አንድ ሚሊዮን አጠገብ ያሉትን አየሁ። 999983 ብቸኛ ነው። 1000003ም ብቸኛ ነው። ከሺህ በታች ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ አንድ በአንድ ሞክሬ ሁለቱንም አረጋገጥኩ፤ ለዚህ ባለ ስምንት አሃዟ ካልኩሌተሬ በቃችኝ። አባዛኋቸው። 999985999949 ወጣ። አሥራ ሁለት አሃዝ ነው። በሁለት፣ በሦስት፣ በሰባት፣ በሺህም በመቶ ሺህም አጠገብ ባለ ቁጥር ቢሞከር እሺ አይልም።

አንድ ደካማ ጎን ግን አለው። መቶ ሲጨመርበት 999986000049 ይሆናል፤ ይህም 999993 በራሱ ሲባዛ የሚመጣ ነው። መቶ ደግሞ አሥር በራሱ ሲባዛ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ አንድ ካሬ ሲቀነስ ሌላ ካሬ ነው ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ቁጥር ወደ ሁለት ብዜት መለወጥ ደግሞ ዘጠነኛ ክፍል የምናስተምረው ትምህርት ነው። ይህን ደካማ ጎን አውቄ ነው የተውኩለት። ቢመረምረው ይድን ነበር።

በመምህራን ማረፊያው ሰሌዳ ላይ ቁጥሩን ጽፌ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። እንደጠበቅኩት መጣ።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"የያዝኩት ነገር ነው።"

"ብቸኛ ነው?"

"ከመቶ ሺህ በታች የሚያካፍለው የለም" አልኩት። እውነት ነው።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

ከዚያ ወዲህ ባገኘኝ ቁጥር ይጠይቀኛል። መብራት ሲመጣ የኮምፒውተር ክፍል እገባለሁ፤ አይቶኛል። የሒሳብ ቀን የሚባለው የትምህርት ቤቱ በዓል ሲቃረብ ኮሪደር ላይ ያዘኝ።

"የት ደረሰ?"

"ከዘጠኝ መቶ ሺህ በታች የሚያካፍለው የለም።" ይህም እውነት ነው። "ግን መምህር፣ እስከ መጨረሻው አልደረስኩም። መድረስ ያለብኝ ሚሊዮን ገደማ ነው።"

"እዚህ ድረስ መጥተሽ ምን ቀረሽ?"

"ትንሽ ቀርቶኛል።"

"በቃ ብቸኛ ነው።"

"እርስዎ ያውቃሉ" አልኩት።

አንዴም ብቸኛ ነው አላልኩትም። ይህን ስል ራሴን ንጹሕ ለማድረግ አይደለም፤ ወጥመዱን ስዘረጋ በጥንቃቄ እንደዘረጋሁት እንዲታወቅልኝ ነው።

የሒሳብ ቀን ደረሰ። በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተማሪው ጢም ብሎ ሞልቷል። ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት እንግዶች መጥተዋል፤ ወላጆችም አሉ። መድረኩ ላይ ባነር ተሰቅሏል። ቀና ብዬ አየሁት፤ ያን ያህል አልጠበቅኩም። በቀይ ቀለም፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ "የመካነ ሰላም ቁጥር" ተብሎ ተጽፎበታል፤ ከሥሩ 999985999949። ጠመኔ ቢሆን ይጠፋል። ይህ ግን የታተመ ነው።

ተማሪዎች ግጥም አቀረቡ፣ ጥያቄና መልስ ተደረገ። ከዚያ እሱ ወጣ። ደሴ ላይ ሲያቀርብ የለበሰውን ኮት ለብሷል። ስለ ልፋቱ ተናገረ። መብራት በሌለበት፣ ኔትወርክ በሌለበት፣ ይህን ቁጥር እንዴት እንደፈተሸው ተናገረ። "ከአንድና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም" አለ። "የከተማችንን ስም ሰጥቼዋለሁ።" ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ከዚያ እጄን አወጣሁ።

መድረክ መሪው ዕድል ሰጠኝ። ተነሳሁ። ደሴ ላይ ልናገረው የነበረውን ንግግር ያህል ተዘጋጅቼበት ነበር።

"መምህር፣ ቁጥሩ ላይ መቶ ቢጨመር ስንት ይሆናል?"

"ማለት?"

"ተማሪዎቹ እንዲያዩት ሰሌዳው ላይ ይጻፉልን።"

ፈገግ አለ። ላሞግሰው የተነሳሁ መሰለው። ጠመኔውን ይዞ 999986000049 ብሎ ጻፈ፤ ጠመኔው ያን ቀንም ድምፅ አላሰማም።

"ይህ ቁጥር 999993 በራሱ ሲባዛ የሚገኝ ነው" አልኩ። "የጨመርነው መቶ ደግሞ አሥር በራሱ ሲባዛ ነው። ካሬ ሲቀነስ ካሬ። ዘጠነኛ ክፍሎች ተምራችኋል አይደል? ከ999993 ላይ አሥር እንቀንሳለን፣ ደግሞ አሥር እንጨምራለን። ስንትና ስንት ይሆናል?"

ፊት ለፊት የተቀመጠች ተማሪ፣ "999983 እና 1000003" አለች። ያስተማራት እሱ ነው።

"መምህር፣ እባክዎ ሁለቱን ያባዙልን።"

አሁን ገባው። ፊቱን አየሁት፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቁልጭ ብሎ የታየኝ ነገር የለም። ጠመኔው እጁ ላይ ቀረ። እምቢ እንዳይል ሰው ሁሉ እያየ ነው። ጻፈ። በሚሊዮን ማባዛት ስድስት ዜሮ መጨመር ነው፦ 999983000000። በሦስት ማባዛት፦ 2999949። ሁለቱን መደመር ብቻ ቀረው፤ መስመሩን አሰመረና ቆመ። ተማሪዎቹ ግን ደምረውታል። ከኋላ የነበሩት መጀመሪያ አጉረመረሙ፣ ከዚያ አንዱ ሳቀ። ሁሉም ቀና ብለው ባነሩን እያዩ ነው።

እኔ እስከዚህ ነበር ያሰብኩት። ቀሪውን የሠራው ራሱ ነው።

ወደኔ ዞረ። "ይህን ቁጥር የሰጠሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?" አለ። ድምፁ እንደ ልጅ ቀጠነ። "አካፋይ የለውም ያልሽኝ አንቺ ነሽ።"

ከእንግዶቹ መካከል የነበሩ ሸምገል ያሉ ሰው መነጽራቸውን አወለቁ።

"እሷ ናት የሰጠችዎ?" አሉት።

ጠመኔውን ሰሌዳው ሥር አስቀመጠ።

"ታዲያ የፈተሽኩት እኔ ነኝ ሲሉን አልነበረም?"

ቀና ብሎ ባነሩን አየ። እንግዳው ረጋ ብለው፣ "የደሴውስ?" አሉ። ያን ጊዜ እኔ ተቀመጥኩ። መናገር አላስፈለገኝም። እሱ ከመድረኩ ሲወርድ ደረጃውን በእግሩ እየፈለገ ነበር።

ሐዘኔታ ተሰምቶኝ እንደሆነ የሚጠይቁኝ አሉ። አልተሰማኝም። ቤቴ ሄጄ ምሳዬን በላሁ፤ ጣፈጠኝ። እህቴ ስትደውል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወራኋት። "ፊቱን ንገሪኝ" አለችኝ፤ ነገርኳት። "እንደገና ንገሪኝ" አለች። እየሳቀች መስሎኝ ነበር፤ ስታለቅስ ነው የነበረችው።

ተማሪዎቹ ስም አወጡለት፤ "መቶ ጨምር"። ኮሪደር ላይ ሲያልፍ ከኋላው በሹክሹክታ ይሉታል። ባነሩን ወዲያው አወረዱት፤ ስሙን ግን ማን ያወርደዋል?

አንድ የገበያ ቀን ሽንኩርት ስመርጥ ሚስቱ አጠገቤ መጥታ ቆመች። ሰላምታ አልሰጠችኝም።

"ልጄን ትምህርት ቤት 'የመቶ ጨምር ልጅ' ይሏታል" አለችኝ። "ሄዳ ተመልሳ ታለቅሳለች። እሱ ቢበድልሽ እሷ ምን አደረገችሽ?"

"ለልጅሽ አዝናለሁ" አልኳት። ከልቤ ነው።

"ለሱስ?"

ሽንኩርቱን መምረጤን ቀጠልኩ፤ ዘንቢሏን አነሳች። "አላህ ይይልሽ" አለችና ሄደች። ሽንኩርት ሻጯ እኔን ላለማየት ሚዛኗን ታስተካክል ጀመር።

ከዚያ ሽማግሌ መጣ። አንድ ሼኽና አንድ ቄስ፣ ሁለቱም አባቴን የሚያውቁ፣ እሱን ይዘውት እኛ ቤት መጡ። አባቴ ወንበር ሰጣቸውና፣ "የተበደለችው እሷ ናት፣ እኔ አልናገርላትም" ብሎ ጥግ ያዘ።

ሼኹ ጀመሩ። "ልጄ፣ ሰው ነው፣ ተሳስቷል። አፉ በይው።"

"እሺ አባባ። ምን እንዳደረገኝ ይንገረኝና አፉ እለዋለሁ።"

እሱ ጉሮሮውን ጠረገ። "በሰው ፊት ስለተቆጣሁሽ አፉ በይኝ።"

"ስለተቆጡኝ አልተቀየምኩም።"

ቄሱ ወደሱ ዞረው ጠበቁ። እሱ ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ተክሎ፣ "ሥራሽን ወስጄ በስሜ አቅርቤያለሁ" አለ።

"አልሰማሁም" አልኩ።

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ሼኹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ማንም ግን አልከለከለኝም።

"ሥራሽን ወስጄ በስሜ አቅርቤያለሁ" አለ እንደገና፣ አሁን ጮክ ብሎ።

"የትኛውን?"

"ሁለቱንም።"

"አፉ ብዬዎታለሁ" አልኩ። ሽማግሌዎቹ መረቁን፤ እጅ ለእጅ አያያዙን። እጁ ላብ ነበረው። አፌ ያለውን ሆዴ አላለም፤ ፈጣሪም ሽማግሌዎቹም ይህን ሳያውቁ አልቀሩም።

ዞኑ ምንም አላረመም። የደሴው ሥራ አሁንም በሱ ስም እንደተመዘገበ ነው። ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠየቅሁ፤ ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ተዛውሯል አሉኝ። ስለዚህ የተወሰደብኝ አልተመለሰልኝም። ያገኘሁት የሱን ውርደት ብቻ ነው። ሰዎች ይሄ ምን ይጠቅምሻል ይሉኛል። ያልተወሰደባቸው ሰዎች ናቸው እንዲህ የሚሉት።

በዓመቱ መጨረሻ ዝውውር ጠይቆ ደጎሎ ሄደ። የትምህርት ክፍሉን ኃላፊነት ለሌላ ሰው ሰጡት፤ ለኔ አልሰጡኝም። ክፉ ናት የሚል ስም ወጥቶልኛል። አዳዲስ መምህራን አጠገቤ ሲሆኑ ቃላቸውን ይመርጣሉ። ይህም ቢሆን ደሴ ላይ ፈገግ ካለችው ልጅ ይሻለኛል።

ከዚያ በኋላ ያገኘሁት አንድ ጊዜ ነው። የዘመድ ለቅሶ ልደርስ ወደ ወረኢሉ ስሄድ ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እሱ አጠገብ። ቤተሰቡን አይቶ ወደ ሥራው መመለሱ ነው። ረዳቱ ግቢ ግቢ አለኝ። ገባሁ።

መንገዱ ያንገጫግጫል። የስንዴው ማሳ በሁለቱም በኩል ወደ ገደሉ እስኪደርስ ቢጫ ሆኗል። ሹፌሩ መንዙማ ከፍቷል። ብዙ ከሄድን በኋላ ነው የተናገረው።

"ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ።"

ፀጉሩ ሸብቷል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለ። "እነዚያን ሁለት ቁጥሮች እንዴት መረጥሻቸው? 999983ን እና 1000003ን። ስንትና ስንት ብቸኛ ቁጥር እያለ ለምን እነሱን?"

መልሱ ቀላል ነው። የመጀመሪያው ሚሊዮን ሳይደርስ ያለው የመጨረሻው ብቸኛ ቁጥር ነው። ሁለተኛው ከሚሊዮን በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ነው። ሚሊዮንን ግራና ቀኝ አጅበው የቆሙ ሁለት ጎረቤቶች ናቸው። ውብ ነገር ነው፤ ሒሳብ የሚወድ ሰው ሲሰማው ደስ ይለዋል። እሱም ሒሳብ ይወዳል። ይህን አልክደውም፤ እኔንም ያስወደደኝ እሱ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሲያስብበት እንደኖረ ከፊቱ ያስታውቃል። ደጎሎ ውስጥ፣ ብቻውን፣ ከሥራ በኋላ።

"ራስህ ፈልገው" አልኩት።

አንተ ስለው የመጀመሪያዬ ነው። ሰምቶታል። ራሱን ነቀነቀና ወደ መስኮቱ ዞረ። ቆይቶ በጣቱ ጉልበቱ ላይ መጻፍ ጀመረ፤ ሱሪው ላይ አሃዞቹ ሲሠሩ እከተላቸው ነበር። ከሚሊዮን ላይ እየቀነሰ ነው። ሁለተኛው መስመር ላይ ተሳሳተ። አየሁት፣ ምንም አላልኩም።

ወረኢሉ ደረስን። እኔ ነጠላዬን ለለቅሶ አዘቅዝቄ ወረድኩ፤ እሱ የደጎሎ መኪና ሊፈልግ ወደ መናኸሪያው ሄደ።